«የመረብ ጉተታ» ጭፈራ አልነበረም

በዚያ ቀን ከጣና ማዶ፣ ደልጊ ላይ፣ መድረክ የወጣነው እነዚህ ነን። ከበሮው ላይ የቡድናችን መሥራች ጋሽ ይርጋ። ከእሳቸው በስተቀኝ እኔ፣ በማሲንቆ። ከኋላችን ኪቦርዱን የያዘው ናትናኤል። ድምፃዊቷ ሰላም። ከተወዛዋዦቹ ፊት ትርንጎና ሙሉቀን፣ ከእነሱ ኋላ የሺና ደሳለኝ። ከመድረኩ ሥር፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳዊት። ከሕዝቡ መካከል ደግሞ፣ ያኔ ስማቸውን እንኳ ያላወቅናቸው፣ እትዬ ዘውዴ።

ስም በስም የጻፍሁት ምክንያት አለኝ። በቅርቡ የእንጨት ሥራ ቤታችን የሠራቸውን ወንበሮች ሐይቁ ዳር ላለ ሆቴል ላስረክብ ሄጄ፣ ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ በትልቅ ፍሬም የተሰቀለ «የባህል ቡድናችን ታሪክ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ወንበሮቹን አውርጄ አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። የአንድ ሰው ስም የለበትም። ቡድኑ ተመሠረተ፣ ቡድኑ አደገ፣ ቡድኑ ተሸለመ ይላል፤ ቡድን ራሱን ወልዶ ራሱን ያሳደገ ይመስል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል አለ፦ «የመረብ ጉተታ፤ የጣና ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ በደስታቸው ጊዜ የሚጨፍሩት ውዝዋዜ።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ እውነት የሆነው «ጣና» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

እንግዳ ተቀባይዋን «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አልኋት።

«ምነው፣ ፊደል ተሳስቷል?» አለችኝ።

ፊደሉስ ደኅና ነበር።

ስለዚህ እኔ እጽፈዋለሁ። ማሲንቆውን ካስቀመጥሁ ቆይቻለሁ፤ አሁን ወንበርና አልጋ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ሥራው ደኅና ነው። እንጨት «ፈገግ በል» አይባልም።

ቡድኑ የተጀመረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ፣ በቀበሌ አዳራሽ ነው። አዳራሽ ሲባል ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበር፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቆርቆሮው ከማንኛውም ከበሮ ይበልጥ ይጮኻል። ጋሽ ይርጋ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ በወጡ ሰሞን የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ጀመሩት። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን በልቶታል። ፊት ለፊት ቆመው ካልጮኹላቸው አይሰሙም፤ አለመስማታቸውን ደግሞ አያምኑም። «ሰዉ ድሮ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር፣ አሁን ሁሉም ማንሾካሾክ ተማረ» ይሉ ነበር።

እኔ ማሲንቆ ያስተማረኝ የለም። የመጀመሪያዬን የሠራሁት ከዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ገመዱን ገበያ ከታሰረ ፈረስ ጭራ እየነጨሁ፣ ባለቤቱ ሲያየኝ እየሮጥሁ። አጨዋወቱን የለመድሁት ከጠጅ ቤት መስኮት ሥር ቆሜ ነው። ጋሽ ይርጋ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

«ከማን ተማርህ?»

«ከማንም።»

«ማን አልኸኝ?»

«ከማንም!» ብዬ ጮኽሁ። እኔ የምጮህ ሰው አይደለሁም።

«እሰይ» አሉ። «የምናስረሳህ ነገር የለም ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ሥራን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚመስል ነው። ከበሮውን ጠዋት ለፀሐይ ያወጡታል፤ ቀትር ላይ አያወጡትም፣ ቆዳው ይሰነጠቃልና። ሐይቅ ዳር የምንጫወት ከሆነ እርጥበቱ ቆዳውን ያላላዋል፤ ስለዚህ እስኪጀመር በጋቢያቸው ጠቅልለው ታቅፈውት ይቀመጣሉ፣ የታመመ ልጅ እንደያዘ ሰው። ሲመቱ ጫማቸውን ያወልቃሉ። እኔ ገና አዲስ ሳለሁ ለጸሎት መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ የተወዛዋዦቹን እርግጫ በእግራቸው ከመሬቱ ነበር የሚሰሙት። ዓይናቸውም ከመሬት አይነሳም። እግር እያዩ፣ እግር እየሰሙ ይመታሉ። ከበሮአቸው ከእግር ቀድሞ ወይም ከእግር ዘግይቶ አያውቅም።

ልምምዱ ያለ ድምፅ ነበር። ሙሉ ለሙሉ ያለ ድምፅ። ማሲንቆዬ ከግድግዳ ተሰቅሎ፣ ከበሮው ተጠቅልሎ፣ ልጆቹ በካልሲ ሲሚንቶው ላይ ይወዛወዛሉ። የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። «መጀመሪያ እግር፣ ከእግር ትከሻ፣ ከትከሻ በኋላ ድምፅ» ይላሉ። «ድምፅ ሸንጋይ ነው። ያልቻልኸውን የቻልህ ያስመስልሃል።» አንድ ቀን የቀበሌ ሹም በሩን ከፍቶ ሲያይ፣ ስምንት ሰው በጸጥታ ትከሻውን ያንቀጠቅጣል። ቆሞ አየን፣ ቆሞ አየን፣ «ምነው፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» አለ። ትርንጎ መሬት ላይ ወድቃ ሳቀች። ጋሽ ይርጋ ምን እንዳለ አልሰሙም፤ «ግባ ወንድሜ፣ አንተም ካልሲህ ንጹሕ ከሆነ» አሉት።

ሁለት ሌሎች ልማዶች ነበሯቸው። የሆነውን ለመረዳት ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ከመካከላችን አገሩ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ያገኘውን ጭፈራ በስልኩ ቀርጾ እንዲያመጣ ያዛሉ፤ ግን እግር ብቻ። «ፊት ከቀረጽህ ቆንጆዋን ታያለህ፣ እግሩን ትረሳለህ። መሬት የረገጠ እግር ሁሉ ትምህርት ነው፤ እሱን አምጣልኝ።» ያመጣነውን ደግሞ የምናየው የስልኩን ድምፅ አጥፍተን ነው፤ በአዳራሹ ሕግ መሠረት።

ሁለተኛው፣ ከአንድ አገር የተማርነውን መጀመሪያ እዚያው አገር ወስደን ሳናሳይ ከተማ ላይ አንጫወትም። «ባለቤቱ ሳያየው ገበያ የወጣ ከብት የሌባ ነው» ይሉ ነበር።

ይህ ሁለተኛው ልማድ ስንት ጊዜ እንዳዳነን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐሙሲት በገበያ ቀን፣ ከዚያው አካባቢ የተማርነውን ስናሳይ፣ አንድ ሽማግሌ ከሰዉ መካከል ወጥተው የሙሉቀንን ጉልበት በዱላቸው ነካ አደረጉ።

«እጠፈው! ጉልበትህን እጠፈው እንጂ! ምን አባክ ያንጠራራሃል?»

«አባቴ፣ እጥፍ አድርጌዋለሁ።»

«ይኸ እጥፍ ነው? ኧረ ተው አንተ ልጅ! እኛ የምናርሰው መሬት ነው፣ ሰማይ አይደለም!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወደ ጎንደር የሚያልፍ አውቶቡስ ቆመ፤ ረዳቱ ወርዶ፣ የተሳፋሪ ገንዘብ በጣቶቹ መካከል እንደያዘ፣ ሽማግሌው እንዳሉት ጉልበቱን አጥፎ አሳየው። «አየህ፣ ረዳቱ ይሻልሃል!» አሉት ሽማግሌው። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት «እንሂድ እንጂ!» ይጮኻሉ። ሙሉቀን በዚያ ቀን ተዋርዷል፤ ግን ከዚያ በኋላ እንደ እሱ ጉልበት የሚያጥፍ ሰው አላየሁም። ጋሽ ይርጋ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በመዳፋቸው ጭናቸውን እየመቱ ያችን እጥፍ ሲደግሟት ነበር።

ከዚያ አቶ ዳዊት መጣ። አቶ ዳዊት ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ሆን ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ከዚህ በታች ስለምቆጣው። ቀበሌው አዳራሹን ለሌላ ጉዳይ ሲፈልገውና እኛ ውጭ ስንቀር፣ ልምምድ ቦታ የፈለገልን እሱ ነው። ሆቴሉን ያስተዋወቀን፣ በየወሩ እንዲከፈለን ያደረገ እሱ ነው። ትርንጎ ከእናቷ ቤት ወጥታ የራሷን ቤት የተከራየችው በእሱ ጊዜ ነው። ግን ሰውየው የማይነካው ነገር የለም። የጥጥ ልብሳችንን በሚያብረቀርቅ ናይሎን ለወጠው፤ ላብ የማይጠጣ፣ ሲራመዱበት የሚንኮሻኮሽ። ሞንታርቦ ገዛ። ናትናኤልን ከነኪቦርዱ አመጣ፤ ኪቦርዱ ውስጥ ከበሮ አለ፣ ማሲንቆም አለ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አልሁት። «አንተ ያዘው፤ ማሲንቆ ሲታይ ያምራል» አለኝ። ሲታይ! ትርኢት ሲጀመር ደግሞ ከመድረኩ ሥር ይቆምና ሁለት ጣቱን ከአፉ ጥግና ጥግ አድርጎ ወደ ላይ ይስባል። ፈገግ በሉ ማለቱ ነው። ተወዛዋዦቹ ከጊዜ ብዛት ጥርሳቸው ሳያውቁት የሚከፈት ሆነ።

ጋሽ ይርጋ ይህን ሁሉ ቻሉት። ሞንታርቦው እንደሆነ አልረበሻቸውም።

በዚያን ጊዜ አየነው የሚባል የደልጊ ልጅ ከእኛ ጋር ነበር። ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሲሄድ የስልኩን ሚሞሪ ለጋሽ ይርጋ ትቶላቸው ሄደ። ውስጡ እግር ብቻ ነው፤ የሠርግ እግር፣ የአውድማ እግር፣ የጥምቀት እግር። የትኛው የት እንደተቀረጸ አልተጻፈም። ከሁሉም መካከል አንዱ ለየት ያለ ነበር። ብዙ ባዶ እግሮች፣ የወንድም የሴትም፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ ወደ ውኃ ይሄዳሉ። ከውኃው ጠርዝ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ በተረከዛቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ከዚያ ሳይዞሩ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይመለሳሉ። ደግመው ይሄዳሉ።

ጋሽ ይርጋ ከስልኩ ላይ አልነሳ አሉ። እንደዚያ ያለ እርምጃ አይተው አያውቁም። ልምምዱ ላይ ሁሉም ተቸገረ።

«ጋሼ፣ ይህ ይከብዳል» አለች ትርንጎ። «እግሬን ሰው የያዘው ይመስለኛል።»

ደግማ ጮኸችላቸው።

«መረብ ይዘው ነዋ!» አሉ ጋሽ ይርጋ በደስታ። «መረብ እየጎተቱ ነው። ሲጎትቱ ጀርባ አይዞርም። ዓሣው ከብዷቸው ነው፣ ተመስገን ማለታቸው ነው!»

ግምቱ የእሳቸው ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሁሉንም በአቶ ዳዊት ላይ መጫን ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። ድምፁን የከፈተ ማንም የለም። ሚሞሪው ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ ዞረ፣ ሁላችንም እግር አየን፤ ድምፅ የሚከፍት ጣት ግን ጠፋ። ዓመታት ሙሉ እንዲህ ነበር የተማርነው።

ጋሽ ይርጋ እንደ ልማዳቸው «የልጁ አገር ነው፤ መጀመሪያ ደልጊ» አሉ። አቶ ዳዊት ግን ሆቴሉ አዲስ አዳራሽ ሊከፍት እንደሆነ፣ አዲስ ነገር እንደተጠየቀ፣ ደልጊ ደግሞ ሐይቁን ማቋረጥ እንደሚጠይቅ ተናገረ። «ጋሼ፣ አሁን እናሳየው፣ ኋላ እንወስደዋለን።» «የመረብ ጉተታ» ብሎ ስም አወጣለት። አፈጠነው። ከደንገል ሣር የተሠራ ትንሽ ታንኳ በቀለም ቀብቶ መድረኩ ላይ አቆመ። ተረከዝ ሲመታ ኪቦርዱ የውኃ ድምፅ ያወጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ሕዝብ ወደደው። እንግዶች ተነስተው አብረው ይረግጡት ጀመር። በሠርግ ተጠራን። ጋሽ ይርጋ ግን በየሳምንቱ «ደልጊስ?» ይላሉ።

ደልጊ የሄድነው ለአዲስ የጀልባ ማረፊያ ምርቃት ተጠርተን ነው። ጋሽ ይርጋ በጀልባው ላይ ከበሮውን ታቅፈው፣ ሙሽራ ሊያመጣ እንደሚሄድ ሰው ደስ ብሏቸው ነበር። «ዛሬ ባለቤቱ ያየዋል» አሉኝ። «ያርሙናል። ሐሙሲት ላይ እንዳረሙን።»

ሕዝቡ ብዙ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ደኅና ሄዱ፤ ጭብጨባው ከእኛ ከበሮ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ታንኳው ወጣ፣ የውኃው ድምፅ ጀመረ፣ እነ ትርንጎ እየሳቁ ወደ ፊት መጡ።

ጭብጨባው በአንድ ጊዜ አልቆመም። ዝናብ ከሰፈሩ አንድ ጥግ እንደሚያባራ፣ በግራ በኩል ቆመ፣ መሐል ቆመ፣ ከዚያ በቀኝ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። አቶ ዳዊት ጀርባው ለሕዝቡ፣ ፊቱ ለእኛ ነው። ምንም አላየም። የልጆቹ ፊት ሲለወጥ ሁለት ጣቱን ከአፉ ጥግ አድርጎ ወደ ላይ ሳበ። ፈገግ በሉ! አሁንም ሳበ። ትርንጎ ፈገግ እንዳለች እንባዋ ወረደ።

አንዲት ሴት ከሰዉ መካከል ወጡ። ጫማቸውን አወለቁ። ቀስ እያሉ ወደ እኛ መጡ፣ ቆሙ፣ ተረከዛቸውን መቱ፣ ሳይዞሩ ወደ ኋላ ሄዱ። ሌሎች ሴቶች ተከተሏቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ በሞንታርቦው ምክንያት የሚሉት አይሰማም።

ጋሽ ይርጋ ዓይናቸው ከመሬት ነው። ያዩት እግር ነው። ያንን እርምጃ፣ ትክክለኛውን፣ ከባለቤቶቹ እግር ላይ አዩት። ፊታቸው በራ።

«ተቀበሉን!» አሉኝ ጮክ ብለው። «ፋንታሁን፣ አየህ? ተቀበሉን!» ብለው ከበሮውን አደመቁት።

እኔ የማሲንቆዬን ደጋን ጥዬ መዳፌን ከበሮው ቆዳ ላይ አደረግሁ። እጄን መቱት። በቁጣ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊቴን ሲያዩ ቁጣቸው ቆመ። ከዚያ ሕዝቡን አዩ። ከበሮ ይዘው ፊታቸውን ከመሬት አንስተው ሰው ሲያዩ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

አንድ ጎልማሳ ወጥቶ የሞንታርቦውን ገመድ ነቀለው። በጸጥታው ውስጥ ሙሾው ተሰማ፦

«ደንገሉ ተመልሶ፣ ታንኳው ዳር ሲወጣ፣
ምን አርጎት ቀዛፊው፣ ከእሱ ጋር ያልመጣ።»

ሴትዮዋ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ልጃቸው አታሌው ደንገል ሊያጭድ በታንኳ ገብቶ፣ ታንኳው ብቻውን ተመለሰ። ሬሳውም አልወጣም። ሽማግሌው ኋላ ለብቻ ወስደው ነገሩን፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነበር።

«ሰው ሐይቅ ውስጥ ሲቀርብን ውኃው ዳር ሄደን በተረከዛችን እንጠራዋለን። ስንመለስ አንዞርም። ለምን ይመስላችኋል? ላልወጣ ሰው ጀርባ አይሰጥም። ያ በስልክ ያነሳው ልጅ የዚያን ቀን ከእኛ ጋር አልቅሷል፤ እግራችንን ሲቀርጽ ምን ሊያደርገው ነው ብለናል። ለካ ለዚህ ኖሯል?»

የቀረጸው ልጅ፣ አየነውም፣ ያመጣው ለዚህ አልነበረም። መሬት የረገጠ እግር ሁሉ ትምህርት ነው ስለተባለ አመጣው፤ ያየውን ያውቃልና እኛም የምናውቅ መሰለው።

በጀልባው ስንመለስ፣ አቶ ዳዊት ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ጋሽ ይርጋ ከበሮውን ሳይጠቀልሉ እግራቸው ሥር አስቀምጠውታል፤ የውኃው ፍንጣቂ ያርፍበታል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጁን ማን አሉት?»

«አታሌው።»

«ማን?»

«አታሌው!» አልሁ።

አልሰሙም፤ የሞተሩ ድምፅ አለ። እጃቸውን ከጆሯቸው አደረጉ። ሐይቁ መሐል ላይ ቆሜ የዚያን ልጅ ስም ባለኝ ኃይል ጮኽሁ። ሙሉቀን ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋሽ ይርጋ፣ ትርንጎ፣ ሙሉቀንና እኔ ተመልሰን ሄድን። አቶ ዳዊት የይቅርታ ደብዳቤ በማኅተም እንላክ ብሎ ነበር። ማኅተም! ጋሽ ይርጋ ከእትዬ ዘውዴ በር ሲደርሱ ከመንገድ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና አጎንብሰው ቆሙ። እትዬ ዘውዴ ሊጥ በእጃቸው እንዳለ ወጡ።

«ያውርዱት እባክዎ! ወገብዎ ቢሰበርስ ደግሞ የማን ጥፋት ሊባል ነው?»

ጋሽ ይርጋ አልሰሙም። ድንጋዩን እኔ ተቀብዬ አወረድሁት።

እጃቸውን ታጥበው መጡና ተቀመጡ። «የሳቁት የትኞቹ ናቸው?» አሉ።

ትርንጎና ሙሉቀን ተነሱ።

«ምን አሳቃችሁ ልጆቼ?»

«ሳቁ ተብለን ነው፣ እትዬ» አለች ትርንጎ።

«እንዴ! ሳቅም በትእዛዝ ሆነ ከተማ?» አሉ። «እግር ያያችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። እኔም እናንተን ሳይ መጀመሪያ የታየኝ እግሩ ነው። ትክክል ነው እግሩ። የሚያናድደኝ እሱ ነው። እግራችሁ እያለቀሰ ፊታችሁ ይስቃል። ሐይቁ ልጄን ወሰደ፤ እናንተ ደግሞ መጥታችሁ ለቅሶውን ወሰዳችሁት።»

ትርንጎ የተባለውን ለጋሽ ይርጋ በጆሯቸው ጮኻ ነገረቻቸው። ጋሽ ይርጋ «ምን እናድርግ በያቸው» አሉ ትርንጎን፤ ወዲያው ደግሞ፣ ስህተታቸው ገብቷቸው፣ ወደ እትዬ ዘውዴ ዞረው «ምን እናድርግ? ይንገሩን» አሉ።

«ኑ» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ወደ ውኃው ዳር ወሰዱን። ያለ ከበሮ፣ ያለ ማሲንቆ፣ ጫማችንን አውልቀን። ጋሽ ይርጋም አብረው ረገጡት፤ ዓይናቸው ከእትዬ ዘውዴ እግር ሳይነሳ። እትዬ ዘውዴ በመሐል ሙሉቀንን አስቆሙት።

«ተረከዝህን አታስጩኸው፣ ልጄ። እየጠራኸው እኮ ነው፤ እየገረፍኸው አይደለም።»

ደገመው። «ይኸው። እንደሱ።»

ሲያበቃ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ለአታሌው አለቀሳችሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ከዚህ ሌላ ቦታ ግን አትርገጡት።» አራታችንም ቃል ገባን። ሙሉቀን የአንገቱን መስቀል ይዞ ነበር የማለው።

ባሕር ዳር ተመልሰን ጋሽ ይርጋ ለአቶ ዳዊት ነገሩት።

«ስሙን እንቀይረው፣ ጋሼ? ትንሽ ቀስ እናድርገውና…»

«ይቁም።»

«ሆቴሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። ይህ ከቆመ ሌላ ቡድን ያስገባሉ። እነ ሙሉቀን ምን ይብሉ? እርስዎ ጡረታ አለዎት፤ እነሱስ?»

ውሸት አልነበረም። ይህ ነው የሚያበሽቀኝ። ሰውየው የሚናገረው ሁሉ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። ጋሽ ይርጋ ከበሮውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ፤ ከበሮው የራሳቸው ነበር። በማግሥቱ የእሳቸውን ቦታ ኪቦርዱ ሸፈነው። እኔም ተከተልሁ፤ የሚታይ ማሲንቆ ሆኜ መቆም አልቻልሁም። ትርንጎ ልብስ ስፌት ገባች። ሙሉቀን እዚያው ቡድኑ ውስጥ ቀረ። ሚስቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ጭፈራው ዛሬም አለ። ወንበሮቹን ሳስረክብ ከአዳራሹ ውስጥ የኪቦርዱ ውኃ ሲንዶቆዶቅ ሰምቻለሁ። ጋሽ ይርጋ አሁን ጆሯቸው ጨርሶ ተዘግቷል። እሑድ እሑድ ስጠይቃቸው፣ ሰላምታ ሳንጨርስ «ተውት?» ይሉኛል። አልተዉትም ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። ሌላ ነገር አይጠይቁም።

እኔ የጻፍሁት ከቆምሁበት ቦታ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። በዚያ ቀን የነበራችሁ፣ የተሳሳትሁትን አርሙ፤ የጎደለውን ሙሉ። ሰላም፣ አንቺ ለሕዝቡ ከሁላችንም ትቀርቢ ነበር፤ ከእትዬ ዘውዴ ቀድማ የተነሳች ሴት እንደነበረች ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ናትናኤል፣ ገመዱ ሳይነቀል ኪቦርዱን አጥፍቼ ነበር ትላለህ አሉ፤ ከሆነ ጻፈውና ስምህ ይጥራ። አቶ ዳዊት፣ አንተም ጻፍ፤ ያጎደልሁብህ ካለ እኔ ራሴ እጨምረዋለሁ።

ሙሉቀን፣ ካንተ የምፈልገው ሌላ ነው። ከውኃው ዳር ስንነሳ እትዬ ዘውዴ አንተን ብቻ አስቀርተው እጅህን ይዘው ሲያነጋግሩህ አይቻለሁ። በጀልባው ላይ ምን አሉህ ብንልህ አልመለስህም። ያሉህን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። ሌላ ቦታ እንድትረግጠው ፈቅደውልህ ከሆነ ጻፈው፤ ለጋሽ ይርጋ በትልቁ ጽፌ አስነብባቸዋለሁ፣ እኔም የጻፍሁትን አነሳለሁ። ካልፈቀዱልህ ደግሞ እሱንም ጻፈው።